ስለቱን አንሥታችሁ እጁን የቆረጣችሁ

የዛሬው ጽሑፌ ጠብ አለበት። ጠቡም ከሩቅ ሰው ጋር አይደለም። ግጥሜን ከሚያነብቡልኝ፣ እሑድ እሑድ ከቡናው ረከቦት ዙሪያ ከማላጣቸው ወዳጆቼ ጋር ነው። እነዚህ ወዳጆቼ የስለት ፎቶግራፍ ይሰበስባሉ። ጩቤ፣ ካራ፣ ሰንጢ፣ ጎራዴ፣ ጊሌ፣ ምኑ ቅጡ! ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ ስለቱን በጨርቁ ላይ ያጋድማሉ፤ መጠኑ እንዲለይ ከጎኑ አንድ ሳንቲም ያኖራሉ፤ ብርሃኑ ከመስኮት ገብቶ እስኪያርፍበት ይጠብቃሉ። ካነሡት በኋላም ከሥሩ «የአባቶቻችን ጩቤ»፣ «ብርቅዬ የአፋር ጊሌ»፣ «የአያቴ ሰንጢ» ብለው ጽፈው እርስ በርሳቸው ይለዋወጡታል። ተቀባዩም እጀታው ቀንድ ይሁን ወይራ ይጠይቃል፤ ሰገባው ከምን ቆዳ እንደ ተሰፋ ይመረምራል፤ ስለቱ ስንት ጣት እንደሚረዝም ይገምታል፤ ማን ታጥቆት እንደ ነበረ ይተርካል። በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይጎድላል። እርሱም የሠራው ነው።

ይህን ጉድለት እንደ ተራ መዘንጋት የሚያዩት አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ይህ መዘንጋት ዕድሜው ከፎቶግራፍ ይበልጣል፤ አባትና እናትም አለው። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ወላጆቹን በስማቸው ለመጥራት ነው።

ስለት መውደድን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። እኔም እሰበስባለሁ። የምኖረው በሁሩሙ ነው፤ ከበደሌ ወደ መቱ ስትመጡ ያዮን አልፋችሁ የምታገኟት፣ ደን ያቀፋት፣ ቡና የሚያኖራት ትንሽ ከተማ ናት። ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ። በዚህ አገር ስለት የግድግዳ ጌጥ አይደለም። የቡናው ሥር የሚመነጠረው በገጀራ ነው፤ ማሩ ከቀፎው የሚቆረጠው በካራ ነው፤ ለመስቀል የሚታረደው ሰንጋ፣ ለሙሽራ የሚቆረሰው ድፎ፣ ሁሉም የሚጠብቀው ቢላዋን ነው። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ደኑን አወቀው። ደኑን ሳያጠፋ ቡናውን የሚያለማው ገበሬ የጨበጠውን ገጀራ ማን እንደ ቀጠቀጠው ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ለፎቶግራፎቼ አንድ ደንብ አበጅቼላቸዋለሁ፦ ሠሪው በሕይወት ካለ የሠራውን ሰው ስም፣ ሰፈሩን፣ ሥራውንም ከማን እንደ ተማረ ሳልጠይቅ ስለቱን አላነሣም። ባለቤቱ ከፈቀደ እጁ ከስለቱ ጋር አብሮ ይነሣል። ካልፈቀደም ፈቃዱ ይከበራል።

እስቲ አንድ ቢላዋ ከየት እንደሚመጣ እናስተውል። የዛሬ ቀጥቃጭ ብረቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ለጭነት የተሠራ፣ ጎብጦ የሚቀና ብረት ስለት እንደሚይዝ ማንም መሐንዲስ ሳይነግረው ያውቃል። ከሰሉን ያነድዳል፤ ረዳቱ ወናፉን ይነፋል፤ ብረቱ ሲግል በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ መዶሻው ነው የሚናገረው። የሙቀቱን ልክ የሚነግረው መሣሪያ የለውም፤ የሚነግረው የእሳቱ ቀለም ነው። ግለቱ ካለፈ ብረቱ ይቃጠላል፤ ከጎደለ ደግሞ በመዶሻው ሥር ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ውኃ የማጠጣቱ ነገር አለ። ስለቱ ከመጠን በላይ ጠንክሮ እንዳይሰበር፣ ለዝቦም እንዳይታጠፍ የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ነው። እኔ ስንኝ ቢበላሽብኝ ሰርዤ እጽፋለሁ። ለእርሱ ግን ስርዝ የለም። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የምንለው ተረት ከእርሱ ቤት የወጣ እውነት ነው፤ እኛ ግን ተረቱን ወስደን ባለቤቱን ከደጅ ተውነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፤ እናንተን በተለይ የምወቅስበት ምክንያት አለኝ። የቅኔያችንን ምስጢር ምን ብለን ነው የምንጠራው? ሰምና ወርቅ። ይህ ቃል ከማን ቤት መጣ? ከአንጥረኛ ቤት። አንጥረኛው የሚሻውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስስበታል። የቅኔ ሊቃውንት የውስጥና የውጭ ትርጉምን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኙም። በዙሪያዬ በሚነገረው በኦሮምኛም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ብረት ቀጥቃጭ «ቱምቱ» ይባላል፤ ግሡ «ቱሙ» ነው፣ መቀጥቀጥ ማለት ነው። የገዳ ጉባኤ ተቀምጦ ሕግ ሲደነግግም «ሴራ ቱሙ» ይባላል፤ ሕግን መቀጥቀጥ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ቋንቋ የቅኔውን ስም፣ ሌላው የሕጉን ግሥ ከዚያው ከባለ እጅ ምድጃ ተበደረ። ብድር የሚመለስ ነገር ነው፤ ይህን ለማወቅ የባንክ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። እኛስ ምን መለስን?

ስድብ መለስን። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከግእዙ «ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ጥበበኛ ማለት ነበር። በእኛ አፍ ሲደርስ ግን ማዋረጃ ሆነ። ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራውን «ቡዳ» አልናቸው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብለን ልጆቻችንን አስፈራራንባቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህንኑ እምነት ከሰው አፍ ሰምቶ ጽፎት አልፏል። እኛም እስከ ዛሬ አልተውነውም። ያረሰውን አከበርን፤ ማረሻውን የሠራለትን ግን ከማዕዱ አራቅን። በርሱ ጩቤ ታጥቀን ፎከርን፤ ልጁን ለልጃችን ለመዳር ግን ዘር ቆጠርን። «አፉ ቅቤ፣ ሆዱ ጩቤ» የሚለው ተረት ለማን እንደሚገባ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ ብሔር ኃጢአት አይደለም። በኢሉባቦርና በወለጋ ቱምቱው እንዲህ ሲገለል፣ በጎንደር ዙሪያ ደግሞ ቤተ እስራኤሎች ርስት ተነፍገው በብረትና በሸክላ ሥራ ኖረዋል፤ ያ ሥራቸውም መልሶ መሰደቢያቸው ሆኗል። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እርሱን እዚህ አልዘረዝርም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በየቤቱ የቀረውን ማጭድና ማረሻ ማን እንደ ሠራው፣ ሠሪውን በስሙ ጠርቶ ለልጁ የነገረ ስንት አባት አለ?

መንግሥታት ዝም ብለዋል ማለትም አይቻልም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ የመሬትን በር ከፍቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ሦስቱ የሦስት ዘመን ቃሎች ናቸው፤ ዘመኖቹም በብዙ ነገር አይስማሙም። ሦስቱም የጋራ ጉድለት አላቸው፦ አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ዓይንን ግን አይከፍትም። ስድቡን የተወ ሰው ሁሉ ማየት ጀምሯል ማለት አይደለም።

ለዚህ ምስክር የምጠራው የሥራ ጠረጴዛዬን ነው። ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍት የሚሞላው ቅጽ «የሥራ ዓይነት» የሚል መስመር አለው። አንድ ቀን ከፊቴ የቆሙ አዛውንት ነበሩ፤ የእጃቸው ጀርባ ፍንጣሪ እሳት ባበጀው ትንንሽ ጠባሳ ተሞልቷል።

«አባቴ፣ ሥራዎን ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

ወደ ቀኝ አዩ፤ ወደ ግራ አዩ። ከኋላቸው ሰልፍ አለ።

«ገበሬ በለው፣ ልጄ።»

ደንበኛው ያለውን መጻፍ ግዴታዬ ነውና ገበሬ ብዬ ጻፍኩ። እርሳቸውም ማረሳቸው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን በዚያች አጭር መስመር ላይ አንድ ሙሉ ሕይወት ሲሰወር አየሁ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ስድብ በሌለበት፣ ማንም ክፉ ባልተናገረበት፣ በሰው ሰልፍ ፊት አንድ ሰው ጥበቡን በገዛ አፉ ሸሸገ። ከዚያን ቀን ወዲህ «የሠራው አልታወቀም» የሚል የፎቶግራፍ መግለጫ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እላለሁ፦ አልታወቀም ሳይሆን እንዳይታወቅ ተደርጓል።

የስለት ፎቶግራፍ የምትለዋወጡ ወዳጆቼ ሆይ፤ የምከስሳችሁ በዚህ ነው። ስድቡን እናንተ አልፈጠራችሁትም፤ ነገር ግን ሥራውን በጸጥታ ትቀጥሉለታላችሁ። የታጠቀውን ትጠራላችሁ፤ የሸለመውን ትጠራላችሁ፤ የወረሰውን ትጠራላችሁ፤ ፎቶግራፉን ያነሣውን እንኳ ትጠራላችሁ። የሠራውን አትጠሩም። አማርኛችን ይህን ሰው «ባለ እጅ» ይለዋል፤ ከስድቦቹ ሁሉ መካከል የቀረ አንድ ክቡር ስም ነው። እናንተ ስለቱን አንሥታችሁ እጁን ቆረጣችሁት። ባለ እጅ ያለ እጅ ምን ቀረው?

በሌላው ዓለም እንዲህ አይደለም። በእንግሊዝ የሸፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1624 በሕግ የታወቀ ማኅበር አቋቁመው እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ምልክት በስለቱ ላይ እንዲመታ ምልክቶቹን ይመዘግቡ ነበር። በጀርመን የዞሊንገን ስም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በዚያ ያልተሠራ ስለት ያንን ስም ሊሸከም አይችልም። የስዊዝ ኪስ ሰንጢ ካርል ኤልስነር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ከከፈተው መሥሪያ ቤት የመጣ መሆኑን፣ የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሰንጢም በ1890 የጀመረው ዮሴፍ ኦፒኔል የተባለ ሰው መጠሪያ መሆኑን ሰብሳቢው ሁሉ በቃሉ ይነግራችኋል። የጃፓን ሰይፍ ቀጥቃጭ ስሙን በእጀታው ውስጥ በሚገባው የስለቱ ጅራት ላይ ይቀርጻል፤ እጀታው ሲወልቅ ስሙ ይነበባል። ከቀጥቃጮቹም መካከል መንግሥታቸው «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ብሎ የሰየማቸው አሉ። የእኛ ሾተል ደግሞ የሩቅ አገር ልጆች በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ በስሙ የሚያውቁት መሣሪያ ሆኗል። የሠራው ሰው ስም ግን በጨዋታውም በቤታችንም የለም።

የስም ዋጋ አይገባንም እንዳንል ደግሞ ሌላ ምስክር አለብን። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስማቸው የኢትዮጵያ ንብረት ሆኖ እንዲመዘገብ አገራችን ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስምምነት ደርሳለች። ያን ጊዜ ስም ገንዘብ ነው፣ ስም ክብር ነው ብለን ተናግረናል፤ ልክም ነበርን። ለቡናው የተሟገትንለትን ስም ቡናው ለሚመነጠርበት ገጀራ የምንነፍገው በምን ሚዛን ነው?

እዚህ ላይ ሦስት መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «ስለቱ የድሮ ነው፤ ሠሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ስሙን ከየት እናምጣ?» የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ «የሠራውን ሰው ስም አልጠየቅንም» ብላችሁ ጻፉ። «አልታወቀም» ስትሉ ጥፋቱ የሟች ይመስላል፤ «አልጠየቅንም» ስትሉ ግን ዕዳው በትክክለኛው ስም ይመዘገባል።

ሁለተኛው «እኛ የምንወድደው ውበቱን ነው፤ ፎቶግራፍ የዘር ሐረግ አይደለም» የሚል ነው። ውበት ከሰማይ አይወርድም። ያ የምታደንቁት የጊሌ ጉብጠት፣ ያ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄደው የስለት ጀርባ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን በጋለ ብረት ላይ የወሰነው ውሳኔ ነው። ግጥም ያለ ገጣሚው ስም ተለጥፎ ብታዩ የምትጮኹት እናንተ አይደላችሁምን?

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ «ስሙን ብንጽፍ ለስድብ እናጋልጠዋለን፤ ልጆቹ የሚዳሩበት፣ የሚማሩበት ሰፈር አለ» የሚል ነው። ይህ እውነት ስላለበት አላፌዝበትም። ስለዚህ ነው አስቀድሜ ፈቃድ ያልኩት። መሸሸግ የባለ እጁ መብት ነው። የእናንተ ልማድ ግን ሊሆን አይገባም። እርሱ ስሙን የሚሸሽገው ከስድብ ለመዳን ነው፤ እናንተ የምትሸሽጉት ሳትጠይቁት ነው። ሄዳችሁ ጠይቁት። እኔ ስጠይቅ አንዳንዱ አልፈልግም ይላል፤ አንዳንዱ ግን ስሙን ሁለት ጊዜ ደግሞ ይነግረኛል፤ የአባቱን ይጨምርልኛል፤ የአያቱን ይጨምርልኛል፤ በትክክል መጻፌንም በዓይኑ ይከታተላል። ከስሙ በላይ የሚያሳዝነኝ ጠያቂ አለማግኘቱ ነው።

ሌላም አደጋ አለ፤ እርሱን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ሠሪውና ሥራው የተለዩት ስለት በፎቶግራፍ ላይ ዛቻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ገጀራው በቡና ገበሬ እጅ ሲሆን የእንጀራ መሣሪያ ነው። ብቻውን በጥቁር ጀርባ ላይ ተነሥቶ ከፉከራ ቃል ጋር ሲላክ ምን እንደሚሆን በዚህ ዘመን ለኖረ ኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። እጁን መልሱለት፤ ስለቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። የአንድ አዛውንት ጣት፣ የአንድ ምድጃ ጢስ፣ የአንድ መንደር ስም ያለበት ፎቶግራፍ ለማስፈራሪያ አይመችም።

ጊዜው ደግሞ እያጠረ ነው። ገበያችን ከውጭ በሚመጣ ርካሽ ቢላዋ ተሞልቷል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ድካሙ ለሌላው እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። የኢሉባቦር ቡና በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ በነበረበት ዘመን የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ዛሬ በሁሩሙ ገበያ ዳር ሆኖ ለሚያስተውል አላረጀም፤ ቡናውን ሸጠን ቢላዋውን እንገዛለን። የቀጥቃጩ ልጅ በዚህ ላይ የአባቱን ስም ዝቅታ ሲጨምርበት መዶሻውን ለምን ያነሣል? ምድጃው ሲጠፋ የሚቀረው የእናንተ ፎቶግራፍ ነው። ያ ፎቶግራፍ ስም ከሌለው የመቃብር ሐውልት እንኳ አይሆንም፤ ሐውልት ስም አለውና።

የምለምነው ነገር ቀላል ነው። ስለት ስታነሡ ሠሪውን ጠይቁ፤ ከፈቀደ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ መምህሩን ከሥሩ ጻፉ፤ ካልፈቀደ «ስሙ በፈቃዱ ያልተገለጸ ባለ እጅ» በሉ። የቆየ ፎቶግራፍ ያላችሁ ወደ መጣበት መንደር መልሳችሁ አሳዩት፤ የመዶሻውን አሻራ የሚያውቅ ዓይን በዚያ ሊኖር ይችላል። የጽሑፍ ሰዎችም ሰምና ወርቅ ባልን ቁጥር ወርቁን ያቀለጠውን እናስብ። በአማርኛችን «ስለት» ሁለት ነገር ነው፤ የቢላዋ ስለት አለ፤ ለእግዚአብሔር ተስለን የምናገባው ስለትም አለ። ሁለተኛውን ዕዳ በአንደኛው ላይ አድርጌ ይህችን ቋጥሬያለሁ፦

ወናፉ ቢተነፍስ፣ ከሰሉ ቢነድድ፣
ብረቱ ቢለዝብ፣ መዶሻው ቢወርድ፣
ዳቦ ቆረስንበት፣ ባበጀው ስለት፤
ስሙን ግን ቆረጥን፣ ከሰው ቤት፣ ከሰው ፊት።
ሥዕሉን ሰቅላችሁ፣ ለምታደንቁ ሁሉ፦
ስለት ሳታስገቡ፣ ስለት አለን አትበሉ።